የዘንድሮው የጥናት ጉዞ ወዴት ይሁን?

ሰሞኑን በግቢያችን የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ፣ በመኝታ ክፍል፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ሁሉም የሚጠያየቀው «የዘንድሮው የጥናት ጉዞ ወዴት ይሁን?» እያለ ነው። እስካሁን ሦስት የፊርማ ወረቀቶች ዞረዋል። አንደኛው ላሊበላ ይላል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከከተማችን በስተደቡብ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተራራ ላይ ወደሚገኘው ወደ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እንሂድ የሚል ነው። በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ፊርማው ሞልቶ በጀርባ ዞሯል። በሦስተኛው ላይ የፈረምነው ግን አሥራ አንድ ብቻ ነን።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛ አሥራ አንዳችን ነን። ለምን እንደፈረምን ለዕጩ መምህራን ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ወረቀታችንን ይዘን በየክፍሉ ስንዞር ያልሳቀብን የለም። «አቦ! ዋሻ ለማየት ነው እንዴ ገንዘብ የምናዋጣው?» ያለን አለ። «ለእሱማ አንድ ቅዳሜ ጧት ይበቃል» ያለችንም አለች። እኛም «ልክ ነሽ፣ ይበቃል። ታዲያ እዚህ ከገባን ጀምሮ ስንት ቅዳሜ አለፈ? ስንቶቻችንስ ሄደን አይተነዋል?» ብለን ጠየቅናት። መልስ አላገኘንም። እኛም ብንሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከሷ የተሻልን አልነበርንም። አበው «በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከእንቅልፋችን የቀሰቀሰን አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለማስተማር ልምምድ በተመደበበት ትምህርት ቤት ስለ አካባቢያችን ያስተምር ነበር። በሰሌዳው ላይ የአክሱምን ሐውልት ሥሎ፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ስም ዘርዝሮ፣ የጎንደርን ግንብ አስከትሎ ሲያበቃ ያ ልጅ እጁን አወጣና በመስኮቱ ወደ ተራራው እያመለከተ፣ «መምህር፣ እዚያ ተራራ ላይ ዋሻ አለ ይባላል። ድሮ ማን ነበር የሚኖርበት?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛችን ትንሽ አሰብ አደረገና «ጅብ ነው» ብሎ መለሰ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጓደኛችን ያን ዕለት ማታ ይህን ሲነግረን መጀመሪያ ላይ እኛም ሳቅን። ኋላ ላይ ግን «ለመሆኑ አንተ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር?» እየተባባልን ስንጠያየቅ የሚመልስ ጠፋ። የትምህርቱ ርእስ «አካባቢያችን» ነበር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን ልጁ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ አገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብተን፣ የሚያውቁትንም ጠይቀን የደረስንበትን በአጭሩ እናቅርብ።

ፖርክ ኤፒክ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት ነው። ዋሻው በኖራ ድንጋይ ተራራ አናት አካባቢ፣ ከደጫቱ ወንዝ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ካህንና የሥነ ምድር ሊቅ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ከአገሩ ሰው ከጸሐፊው ከአንሪ ደ ሞንፍሬይድ ጋር ሆኖ ዋሻውን አየ። በ1933 ቁፋሮ ተደረገበትና የጥንት ሰው የመንጋጋ ስባሪ ተገኘ። ከዚያም በ1970ዎቹ ዓመታት ዴዝሞንድ ክላርክ የተባለው ታዋቂ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ሥራውን እንደገና አስጀመረ። በዚህ ሁሉ ቁፋሮ የወጣው የድንጋይ መሣሪያና የእንስሳት አጥንት እስከ ዛሬ ድረስ እየተጠና ነው።

የወጣው ነገር ምን ነገረን? ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

አንደኛው ቀለም ነው። በዋሻው ውስጥ ከ4000 በላይ የቀይና የቢጫ ማዕድን ቁራጮች ተገኝተዋል፤ ባንድ ላይ ሲመዘኑ 40 ኪሎ ገደማ ናቸው። ከነሱም ጋር ቀለሙ የተፈጨባቸው ድንጋዮች አብረው ወጥተዋል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ያህል ይገመታል። ያን ያህል ዘመን ቀድሞ እዚህ እኛ ሰፈር ሰዎች ተቀምጠው ቀለም ይፈጩ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጌጥ ነው። ቀንድ አውጣ ቤቷ ውስጥ ስትገባ በሩን የምትዘጋበት ክብ ክዳን አላት። ከዋሻው ውስጥ መካከላቸው የተበሳ እንዲህ ያሉ ክዳኖች ከ400 በላይ ተገኝተዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘላለም አሰፋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጽሑፍ እነዚህ እንደ ዶቃ ያገለገሉ ሳይሆኑ አይቀርም ብለዋል። ዛሬ ቀፊራ ገበያ ዶቃ የምትመርጠው እኅታችን ከዚያች ከዋሻዋ ሴት የምትለየው በዘመን ነው እንጂ በፍላጎት አይመስለንም።

ሦስተኛውና እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ባልጩት ነው። በዋሻው ከተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የተሠሩበት ድንጋይ የድሬዳዋ አይደለም። ሊቃውንት ድንጋዩን መርምረው ከአሰቦት፣ ከአየሉና ከቆኔ የመጣ መሆኑን ደርሰውበታል። ይህ 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚርቅ አገር ነው። አዲስ አበባ ስንሄድ በመኪና መስኮት አሰቦትን እናያለን፤ በቆኔ ገሞራ መካከልም እናልፋለን። ያ ድንጋይ በሰው እጅ፣ በእግር፣ ያለ መኪናና ያለ ባቡር ድሬ ደርሷል። አንድ ሰው ይዞት ይምጣ ወይስ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያድርሱት፣ ብቻ መንገዱ ነበረ። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ ተቆረቆረች እያልን እናስተምራለን። እውነት ነው፤ ከተማዋ ያኔ ተቆረቆረች። የዚህ ቦታ ሰው ከሩቅ አገር ጋር መገናኘት የጀመረው ግን በባቡሩ አይደለም።

እንግዲህ ያ ልጅ እንደገና ቢጠይቀን የምንመልሰው ይህን ነው። ግን በወረቀት ያነበቡትን መንገርና ቆመው ያዩትን መንገር አንድ አይደለም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተነሥተን፣ ዳቦና ሳምቡሳ በላስቲክ ቋጥረን፣ ውሃ ተሸክመን፣ አምስታችን ወጣን።

የሌለውን አለ ብለን ማታለል አንፈልግም። ዳገቱ ያስለፈልፋል። ጸሐይዋ ከወጣች በኋላማ የድሬን ሙቀት ለድሬ ሰው ማውራት አያስፈልግም። በዋሻው ግድግዳ ላይ ያሉት የሰውና የእንስሳት ሥዕሎች ደብዝዘዋል፤ መጀመሪያ የገባ ሰው ምንም አይታየውም። ዓይን ሲለምድ ነው አንድ ባንድ ብቅ የሚሉት። ሥዕሎቹ ቀለም ከሚፈጩት ከነዚያ ከጥንቶቹ ሰዎች ብዙ ዘመን በኋላ የተሣሉ ናቸው። ከዋሻው የወጣውን ቅርስ እዚያው እናያለን ብሎ የሄደም ያዝናል፤ የለም። ከመካከላችን አንዷ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ «እና ይኸው ነው?» አለች። ይህንንም አንደብቅም። በኋላ ግን ከዋሻው አፍ ላይ ተቀምጠን ሸለቆውን ቁልቁል ስናይ፣ እዚያው የተቀመጠ ሰው የሚያልፈውን አውሬ ሁሉ ማየት እንደሚችል የተረዳችው መጀመሪያ እሷው ናት። «ለካ ቤት የመረጡት ለዚህ ነው!» አለች። ይህን የሚያህል ትምህርት መጽሐፍ ውስጥ አላገኘንም።

ስንወርድ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን ሰላምታ ሰጥቶ ከየት እንደመጣን ነገራቸው። እሳቸውም «ፈረንጅ ካሜራ ይዞ ሲመጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አስተማሪ የሚሆኑ ልጆች ሲመጡ ግን ማየቴ ዛሬ ነው» አሉ። ለመውቀስ አልነበረም የተናገሩት። እኛን ግን ወቀሰን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እንዲያውም ዋናው ጉዳይ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ላሊበላን የመሰለ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው፤ እንኳን እኛ ዓለም ይመኘዋል። ላሊበላን ለማየት የሚጓጓውን ጓደኛችንን ተሳስተሃል አንለውም። ነገር ግን ከዚህ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከተሄደ ከዚያ ወደ ላሊበላ ሌላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ደርሶ መልሱ ከ2200 ኪሎ ሜትር አያንስም። የመኪና ኪራይ፣ የመንገድ አዳርና ምግብ ተደምሮ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰውን ሒሳብ አዋቂዎቹ አስልተውታል። ገሚሶቻችን ለቤተሰብ ደውለን እናስልካለን። ገሚሶቻችንስ? ለእኛ እንዲልኩ ሳይሆን እኛን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ያሉን አለን።

ባለፈው ጊዜ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም እንጂ። አውቶቡሱ እየተዘፈነበት ሲነሣ ሰባት ልጆች መኝታ ክፍል ቀሩ። አንዱ «አሞኛል» ብሎ ነበር። አላመመውም። አራት ቀን ሙሉ ባዶ ግቢ ውስጥ ሲንጎራደዱ ከረሙ። ተጓዦቹ ሲመለሱ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚወራው የጉዞው ነገር፣ የሚታየው ፎቶግራፍ ሆነ። በክፍል ውስጥ የጉዞ ዘገባ ጻፉ ሲባል ሰባቱ ምን ጽፈው ያምጡ? «የጥናት ጉዞ» የሚለው ስም ለጥናት ከሆነ፣ ጥናቱ መክፈል ለቻለ ብቻ ነው ወይ? ነገ ክፍል ውስጥ ደብተር መግዛት ያልቻለውን ልጅ አይዞህ የምንለው እኛው አይደለንም?

ይህን ስንል «ድሆች ስለሆናችሁ ነው ቅርቡን ያሞገሳችሁት» የሚለን አይጠፋም። አንድ እውነት አለበት፤ ገንዘብ ቢኖረን ይህን ዋሻ ላናስታውሰው እንችል ነበር። ቢሆንም ርካሽ የሆነ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሌላም አገር ነገሩ እንዲሁ ነው። አውሮፓን ልይ ያለ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት ፓሪስና ሮማ ነው። ስሎቫክያ የምትባል አገር መኖርዋን ስንቱ ያስታውሳል? ባሕር የላትም። ጎረቤቷ ሀንጋሪም የላትም። እኛም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የለንም። ሁለቱ አገሮች ግን በድንበራቸው ላይ ያሉትን የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ንቀው አልተዉአቸውም። ከ700 በላይ የሚሆኑትን አንድ ባንድ አጥንተው፣ መዝግበው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ባንድነት በዓለም ቅርስነት አስመዘገቡአቸው። ዝነኛ ያልሆነ ቦታ ዝነኛ የሚሆነው መጀመሪያ ባለቤቱ ሲያውቀው ነው። ጎረቤታችን ሐረርም እኮ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006 ከማስመዝገቧ በፊት ያው ጀጎል ነበር፤ ሰዎቹ ቤታቸውን ስለሚያውቁና ስለሚጠብቁ ነው።

የእኛ ዋሻስ ማን ያውቀዋል? እያንዳንዳችን ተመርቀን ስንወጣ በየዓመቱ አርባም ሃምሳም ልጆች ፊት እንቆማለን። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ፍየል ይዘው እዚያ ተራራ ላይ የሚውሉ ናቸው። ምን እንደሆነ ካልነገርናቸው እሳት ቢያነዱበት፣ ስማቸውን በድንጋይ ቢጭሩበት ጥፋቱ የማን ነው? «ጅብ ነው» ብለን የመለስንለት ልጅ ለጅብ ቤት ምን ብሎ ይጠነቀቃል?

ሌላ የቀረበብን ተቃውሞ አለ፤ ለዚህኛው ቶሎ መልስ አላገኘንም። በክራንች የሚሄድ ጓደኛ አለን። «እናንተ ማንም አይቅር ብላችሁ ትፈርማላችሁ፤ እኔ ያንን ዳገት በምን ልወጣው?» አለን። አፈርን። እውነቱን ነው፤ ወደ ላሊበላ ቢኬድ ቢያንስ አውቶቡሱ ላይ ይሳፈር ነበር። ወረቀታችንን ልንቀደው ሁሉ አስበን ነበር። በመጨረሻ ከሱው ጋር ተቀምጠን ተነጋገርንና ሐሳቡን አሻሻልነው። የተሻሻለው ሐሳብ ይህ ነው።

ጉዞው የአንድ ቀን ሳይሆን የሁለት ቀን ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ ወደ ለገሀር ወርደን አሮጌውን የባቡር ጣቢያና የጥገና ሥራ ቤቱን እንጎብኝ። ያ ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ነው ከተማችን እዚህ ሜዳ ላይ የተወለደችው። በመጀመሪያም ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። በዚያ ቀን ገለጻውን የሚያደርግልን ይኸው ጓደኛችን ይሁን፤ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከሁላችን ይበልጥ ያውቃል። በሁለተኛው ቀን መውጣት የሚችለው ወደ ዋሻው ይውጣ። የማይችለው ከታች ሆኖ፣ ሥዕሉንና ካርታውን የሚያዘጋጀው ቡድን አባል ይሁን። ፍጹም መፍትሔ ነው አንልም። ጓደኛችን ግን «እንዲህ ከሆነ አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ» ብሎ ፈርሟል።

ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ከከተማችን በስተደቡብ ምዕራብ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው፣ በድንጋይ ላይ ሥዕሎቹ ወደሚታወቀው ወደ ለገ ኦዳ አንድ መኪና ተከራይቶ መሄድ ይቻላል። ይህም ቢሆን የላሊበላውን ሲሶ አይፈጅም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳይሆን ከአሁኑ መደረግ ያለበትንም እንጠቁም። ከከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፈቃድና አስጎብኚ በተቋማችን ስም ይጠየቅ። ጉዞው ጸሐይ ሳትከር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመር። ሁለት ሊትር ውሃ ያልያዘ አይውጣ። ሥዕሉን በእጅ የሚነካ፣ ድንጋይ ለማስታወሻ ብሎ በኪሱ የሚከት አይኑር፤ ያ ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ ለሊቃውንቱ የሚናገረው ነገር የለውም። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ይተላለፍ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደጫቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው እንደበላ የድሬ ልጅ አይረሳውም። ከደጋው የዘነበው ዝናብ እዚህ ጠብ ሳይል ነው ውሃው የሚደርሰው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ከእናንተ መካከል ይህን ዋሻ ያዩ እንዳሉ እናውቃለን። እስካሁን ለምን እንዳልወሰዳችሁን አንጠይቅም፤ እኛም አልጠየቅናችሁም ነበርና። ዘንድሮ ግን ከፊት ሁናችሁ ምሩን። የታሪክ፣ የጂኦግራፊ፣ የሥዕልና የሳይንስ ክፍሎች ባንድ ቀን የሚገናኙበት ትምህርት ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ላሊበላ አይቀርብንም። ደመወዝ ይዘን፣ ራሳችንን ችለን የምንሄድበት ቀን ይመጣል። ተመርቀን ወደየወረዳው ከተበተንን በኋላ ግን ባንድነት ሆነን ይህን ተራራ የምንወጣበት ቀን አይገኝም። የመጨረሻው ውይይት በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትልቁ አዳራሽ ነው። የፊርማ ወረቀታችን በዚህ ሰሌዳ ሥር፣ በስተግራ በኩል ተለጥፏል። እርሳስም አስረንበታል።

ያ የአራተኛ ክፍል ልጅ አሁንም መልስ አላገኘም። ጓደኛችን ከዋሻው እንደተመለሰ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ነበር፤ የልምምዱ ጊዜ አልቆ ክፍሉን ሌላ ሰው ይዞታል። ያን ልጅ ወይም እሱን የመሰለውን ከመካከላችን አንዳችን መስከረም ላይ እናገኘዋለን።

አሥራ ሁለቱ ፈራሚ ዕጩ መምህራን